ትልቋ የእማዬ፣ ትንሿ የአባዬ

ለውድ እህቴ፣ ለሆዴ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተሻለው? ስፌቱስ እንዴት ይዞሻል? መኪናሽ ክር መበጠሷን ተወች? ባለቤትሽ ሹፌሩ ወገቡን ታሸ ወይስ እንደ ልማዱ «ነገ፣ ነገ» እያለ ነው? አባዬስ? ሬዲዮኑን አሁንም ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ነው የሚከፍተው? ያቺ ልጅሽ ሚጡዬስ ቁመቷ የት ደረሰ? ሁላችሁም በያላችሁበት ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረሳችሁ።

እንደ ደንቡ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ናፍቆቱን ጻፍኩት፤ «ደህና» የምትለዋ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጀመርኩ፣ እዚያችው ቦታ ላይ እንደገና ቆመ። ስለዚህ ዘልያታለሁ። ደህና አይደለሁም፣ እህቴ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ካለችም ነገ ተመለሺ በያትና በሩን ዝጊ።

ለምን በስልክ አልነገረችኝም ብለሽ እንዳትቀየሚ። ሞክሬ ነበር። ባለፈው ደውዬልሽ ወደ ዋናው ነገር ስጠጋ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አልሰማሽም» አልሽኝ። ሚጡ ግን ከጓዳ ስትስቅ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ መዋሸት አትችይበትም፤ ድምፅሽ ይቀጥናል። ስልክ ይዘጋል፣ ደብዳቤ ግን ብትወረውሪውም ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ። አውቅሻለሁ።

የምሠራበትን ታውቂዋለሽ። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው፣ ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም በበሩ አይገባም። አለቃችንን በሌለችበት «እንፋሎት» ነው የምንላት፤ ስትቆጣ ከካውያው ማሽን እኩል ትተነፍሳለች። የእኔ ሥራ ከማጠቢያው የወጣውን እርጥብ አንሶላ እየጎተትኩ ካውያው ላይ መዘርጋት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ክንዴን ሳነሳ ብብቴ ሥር የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ጅማት ነው፣ የሥራ ነው አልኩ። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚፈልገው ሐኪም ሳይሆን ምክንያት ነው። ሰነባብቶ ገላዬን ስታጠብ ደግሞ የቀኝ ጡቴ ቆዳ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ አየሁት፤ አንቺ ትራስ መሃል ላይ አዝራር ስትተክዪ እንደሚሰረጉደው።

አልደነገጥኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ባለፈው ዓመት ማሞግራም የሚሉትን የጡት ራጅ ተነስቼ «ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልታየም» ተብዬ የለ! ትዝ ይልሽ እንደሆነ ያን ቀን ደውዬልሽ፣ ጡቴን እንደ ብርቱካን ጨምቀው ለቀቁኝ ብዬሽ ስንስቅ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጭራሽ የመጠርጠሩን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ሄድኩ። ራጅ አንሺዋ በሁለቱ ሰሌዳዎች መሃል እስክጮህ ድረስ ጨፈለቀችኝና «ይቅርታ እናቴ፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ እንዲሁ እጮሃለሁ» አለችኝ። ምስሉ ወጣ፤ እንደ አምናው ነጭ በነጭ ነው፣ ምንም የሚለይ ነገር የለውም። ጎድጎድ ያለውን ቦታ አይታ አልተዋጠላትም መሰለኝ፣ ሐኪሟ ያንኑ ቀን አልትራሳውንድ አዘዘችልኝ። እዚያ ላይ ወዲያው ታየ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ካንሰር ነው። ብብቴ ውስጥ ወዳሉት እጢዎችም ተሻግሯል። ይኸው ጻፍኩት። እዚህ በሰው ቋንቋ ሲነግሩኝ የሌላ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን በአማርኛ ስጽፈው ነው የእኔ የሆነው።

ሐኪሟ የአምናውንና የዘንድሮውን ምስል ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ጡት ውስጥ ስብ አለ፣ ወተት የሚሠራው ክፍል አለ፣ እሱን አቅፎ የሚይዘው ጅማትም አለ። ስቡ በራጅ ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ የቀረው ነጭ ሆኖ። «ያንቺ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው» አለችኝ። «ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ነው። ካንሰሩም ነጭ ነው። አምናም ሳይኖር አይቀርም። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።» እንፋሎት ነጭ ክር ከነጭ አንሶላ ላይ ልቀሙ እያለች የምታንጨረጭረን ሰዎች ነን፣ ይህ ለእኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን አምና አልነገራችሁኝም አልኳት። «ሊነገርሽ ይገባ ነበር» አለች። ይገባ ነበር! ምን ላድርገው እሱን? ልቀምመው?

ጥቅጥቅ መሆኑ በራሱ በሽታ አይደለም፣ ብዙ ሴቶች እንዲህ ናቸው አለችኝ። ግን ሁለት ክፋት አለው። አንደኛ በራጅ ላይ ይሸፍናል፤ ሁለተኛ ካንሰሩ የመምጣት ዕድሉን ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ከየት መጣብኝ ስላት፣ ብዙው በዘር የሚወረስ ነው፣ የቀረውን ደግሞ ሆርሞን ያወፍረዋል ያቀጥነዋል አለች። ሴት ስትወልድ እየሳሳ ይሄዳል። ስታርጥ ደግሞ ሆርሞኗ ስለሚቀንስ ስቡ ቦታውን ይይዛል። እኔ እንደምታውቂው አልወለድኩም። አለመውለዴ በሠርግም በለቅሶም ሲነሳብኝ የኖረ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ቤት ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ሳርጥ ደግሞ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያ ሙቀት ከውስጥ፣ የካውያው ሙቀት ከውጭ፣ ላብ በላብ ሆኜ እውላለሁ። የሆርሞን ክኒን ታዘዘልኝና ዓመታት ዋጥኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ ብዬበት ነበር። ለካ ሰውነቴ ሊያርፍ ሲል ክኒኑ ገና ነሽ እያለ ያታልለው ኖሯል። ሐኪሟ ክኒኑ ነው ያመጣብሽ ብዬ አልፈርድም፣ ሲቸገሩ በሐኪም ክትትል የሚወስዱት ብዙ ናቸው፣ ግን የእኔን ዓይነቱ መጋረጃውን ያወፍረዋል፣ ሲቆይም አደጋውን ይጨምራል ነው ያለችው። እንግዲህ አንቺ «እኔም ማላብ ጀምሬያለሁ፣ ያንን ክኒንሽን ላኪልኝ» ብለሽኝ ነበር። አልልክም። ሰስታ ነው በይኝ፣ ያልሽውን በይ። እዚያው ያንቺን ጡት ያየ ሐኪም ካላዘዘልሽ በቀር ከማንም እጅ እንዳትቀበዪ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ሐኪሟ በቤተሰባችሁ የጡት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ፈጠን ብዬ «የለም» አልኳት። «እናቴ የሞተችው በልብ ድካም ነው» አልኳት። እንደዚያ ነዋ የነገራችሁኝ።

ከዚያ ነው የደወልኩልሽ። የበሽታውን ስም ሳልጠራ፣ ጡቴን ትንሽ ስላመመኝ አንቺም ታዪ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ ምን አልሽኝ? «እኔ ታይቻለሁ፣ ምንም የለም ብለውኛል። ደሞ እኔ የአባዬ ልጅ ነኝ፣ የእማዬ ነገር እኔን አያገኘኝም።» አልሽና ድምፅሽ ቀጠነ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

የእማዬ ምን ነገር?

ስልኩን እንደያዝኩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ጎረቤት የሚያውቀውን፣ ምናልባት ቀባሪው ሁሉ የሚያውቀውን፣ የበኩር ልጇ እኔ በመጨረሻ ሰማሁት፤ እሱም አምልጦሽ። አንዱን ስይዝ ሌላው እየተመዘዘ መጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣሁ ጊዜ እማዬ በግራዋ ብቻ ነበር ያቀፈችኝ። ቀኝ ክንዷ አብጦ እጅጌዋን ሞልቶት ነበር፤ ምን ሆነሽ ስላት «ተኝቼበት ነው» አለች። እኔ ሞኟ ያመጣሁላትን ሹራብ ጠበባት ብዬ አዘንኩ። በስልክም ሁልጊዜ «እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች የምትመክረን እሷ አልነበረችም እንዴ?

አንቺ ነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አስከሬኗን አጥበሽ የሸኘሻት። ያን ቀን ያየሽውን ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይህን ሁሉ ዓመት ይዘሽው ኖረሻል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አልዋሽሽም፣ በጣም ተናደድኩ። አንሶላውን ካውያው ላይ ስወረውረው እንፋሎት እንኳ አይታኝ ምንም ሳትል ዞር አለች። ቆይቼ ግን አሳዘንሽኝ። ሚጡን እንኳ ገና አልወለድሽም ነበር፤ ያንን አይቶ ዝም ማለት ለአንድ ሰው ይበዛል። ማን እንዳስማለሽ አልጠይቅሽም፣ እማዬ ራሷ ናት። «ለትልቋ እንዳትነግሪያት፣ በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች» ብላሽ ይሆናል። ይኸው አልቀረልኝም፣ ብቻዬን እያለቀስኩ ነው።

የአባዬ ልጅ ነኝ ስላልሽው ግን እንጣላለን። እኛን እንደ ዕቃ ያካፈሉንን አስታውሺ። የእኔ አፍንጫ፣ ቁመቴ፣ ቁጣዬ የእማዬ፤ ያንቺ ጉንጭ፣ እንቅልፍሽ፣ ማንኮራፋትሽ የአባዬ። ጡታችን ሳይቀር ተከፋፍሏል። አክስታችን «የእኛ ወገን ጡት ድንጋይ ነው፣ እስከ ሽበት አይወድቅም» እያለች እኔን ስታሞግስ፣ አንቺን «ይቺ የአባቷ ናት፣ ጥጥ ናት» እያለች ታስለቅስሽ ነበር። ያኔ ያስለቀሰሽን ነገር አሁን መደገፊያ አድርገሽዋል። እማዬ በድንጋዩ ሞተች፣ እኔ ጥጥ ነኝ፣ አልፎኛል ብለሽ ነው። አይደለም? ባትናገሪውም ሐሳብሽን እሰማዋለሁ፣ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው።

ይህንኑ ለሐኪሟ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። የጡት ጥቅጥቅነት በእጅ ተዳሶ አይታወቅም አለችኝ። ጠጠር ያለው ጡት በራጅ ሲታይ ስብ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ልስልሱ ደግሞ ነጭ በነጭ። መጠኑም መውደቅ አለመውደቁም ምንም አይናገርም፤ የሚያውቀው ምስሉ ብቻ ነው። ዘርም ቢሆን እንደ መሬት በድንበር አይካፈልም፤ በመልክ አባቷን የመሰለች ልጅ ከእናቷ የወሰደችው የማይታይ ስንት ነገር አለ አለች። ደሞስ የአባዬ ወገን ንጹሕ ነው ያለሽ ማን ነው? የአባዬ እናት ደረቷ ቆስሎ ነው የሞተችው ሲባል አልሰማሽም? «የሰው ዓይን ነው» እያሉ ያወሩ ነበር እኮ። ሁለቱንም በር ዘግቶ የተቀመጠ የለም፣ እህቴ። እርግጠኛ ሆነን የአባዬ ብቻ ነው ልንል የምንችለው ማንኮራፋቱን ነው።

ስለዚህ ያንቺ «ምንም የለም» እና የእኔ የአምናው «ምንም አልታየም» አንድ ናቸው። እኔም እንዳንቺ ተደስቼበት ነበር።

ሂጂ። የተነሳሽውን ምስል ይዘሽ ሂጂና ጡቴ ጥቅጥቅ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። አልትራሳውንድ ይጨመርልኝ በይ። ለምን ሲሉሽ «እህቴ አለባት፣ እናቴም ነበረባት» በይ። እሷን ለማለት አንደበትሽ ከተሳሰረ ይህንን ገጽ አሳዪያቸው። ሹፌሩ በመኪናው ያድርስሽ፤ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ የሚውል ሰው ሚስቱን አንድ ቀን ቢያደርስ ወገቡ አይሰበርም። ምንም ላይገኝብሽ ይችላል። ጥቅጥቅ ጡት ያላት ሁሉ አትታመምም፣ ከማይታመሙት ያድርግሽ። ብቻ በተረት አምነሽ ቤት አትቀመጪ። ያለቀስሽበት ተረት እንኳ አይደለም፣ የአክስታችን ፉከራ ነው።

የእኔን ጉዳይ ደግሞ ልንገርሽ፣ ያለዚያ በሌሊት ትጨነቂያለሽ። ማክሰኞ ይቆረጣል። ሙሉ ጡቱን ነው የሚያነሱት፣ ከብብቴም ያወጣሉ። ከዚያ ጠጉር የሚያረግፈው መድኃኒት አለ። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ሆርሞኑን የሚያግድ ሌላ ክኒን ይሰጡኛል፤ አንዱ ክኒን የሠራውን ሌላው ያፍርሰው እንግዲህ። ሐኪሟን እድናለሁ ወይ አልኳት። «የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን» አለችኝ። እሷም እንዳንቺ ናት፣ ድምፅዋ ቀጠነ።

ከእንግዲህ እርጥብ አንሶላ መጎተት አልችልም፣ ክንዴ ሊያብጥ ይችላል ብለውኛል። ልክ እንደ እማዬ። እንፋሎት የትራስ ልብስ ማጠፊያው ጋ ቁጭ ብዬ የምሠራበት ቦታ እንደምትይዝልኝ ነገረችኝ፤ ማክሰኞም አብራኝ ልትመጣ ፈቃድ ወስዳለች። ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ካውያው አዙራ ነበር። እንደዚያ ቀን ትንፋሿ የጠፋበትን ቀን አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ እህቴ። ከቢላዋው ይልቅ ስነቃ ማንም የሚያውቀኝ ሰው በአማርኛ «እንዴት ነሽ?» የማይለኝ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ።

ስትጽፊልኝ እማዬን አጥበሽ ስትሸኚያት ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። የትኛው ጡቷ ነበር? ቆስሎ ነበር? በምን አስራው ነበር? ያማት እንደነበር የነገረችሽ ነገር አለ? ለሐኪሟ ያስፈልጋታል፤ እኔ ግን ከእሷ በላይ እፈልገዋለሁ። ያኔ አብሬሽ ያልነበርኩትን አሁን ልሁን። ደግሞ አደራሽን፣ ታይተሽ ሳትመለሺ «ደህና ነኝ» ብለሽ ደብዳቤ አትጀምሪልኝ። ከእማዬ የሰማሁት ይበቃኛል።

ለአባዬ ጉልበቱን ሳሚልኝ። ሬዲዮኑን ቀንሺና ሁሉንም ንገሪው፤ ከዚህ በኋላ በእኛ ቤት በመጨረሻ የሚሰማ ሰው አይኑር። ሹፌሩን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ከላይ የጻፍኩትን ስለ ወገቡ አታንብቢለት። ለአክስታችን ሰላምታዬን አድርሺና ድንጋዩ እንዳልጠቀመን ንገሪያት፤ እሷም ሽማግሌ ነኝ ሳትል ትታይ።

ሚጡዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ማንም መጥቶ «ቁርጥ እናቷን» ወይም «ቁርጥ አባቷን» ሲላት ዝም አትበዪ፤ የሁላችንም ናት፣ የእኔም ጭምር። ሲገባት ሁሉንም ንገሪያት። ዕድሜሽን ያርዝመውና፣ አንድ ቀን አንቺን አጥባ የምትሸኝሽ እሷ ናት። ያን ቀን አንቺ ያየሽውን እንዳታይ።

የምትወድሽ ታላቅሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን